ሁሉም እኩል አይቆይም

ራቤል፣ ግሼ። ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህርና በሕፃናት ምግብ ፋብሪካ የምትሠራ የቀድሞ ተማሪያቸው። ጠረጴዛው ላይ ከጤና ጣቢያ የመጣ የዱቄት ከረጢት አለ።

መምህር፦ ይህ ከረጢት «ቀድሞ የበሰለ» ይላል። የልጅ ልጄ ክብደቱ ቀንሷል ተብሎ የተሰጠው ነው። አንቺ ሥራው ላይ ስላለሽ ልጠይቅሽ፤ ስንት ሰዓት ተቀቅሎ ነው?

መሐንዲስ፦ በሰዓት አይቆጠርም ጋሼ። አንድ ደቂቃም ላይሞላ ይችላል።

መምህር፦ ኧረ ተይ! ውስጡ አኩሪ አተር አለ አይደለም እንዴ? እዚህ ባቄላ እንኳ ተዘፍዝፎ አድሮ፣ ማገዶ ጨርሶ ነው የሚበስለው።

መሐንዲስ፦ ለምን ማገዶ እንደሚጨርስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ከዚያ በላይ እሳት ቢነድድበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። እኛ የምንሠራበት ኤክስትሩደር የሚባል ባለ ሁለት ስክሩ ማሽን ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ነው። እርጥበቱ ትንሽ ነው፤ ከመቶ 20 አካባቢ። ዱቄቱ ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ታፍኖ በስክሩ ይገፋል፤ መውጫው ጠባብ ስለሆነ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ውሃውን እንዳይፈላ ይይዘዋል። ስለዚህ 130፣ 150 ዲግሪ መድረስ ይቻላል። ሙቀቱም ከውጭ ብቻ አይመጣም፤ ስክሩ ሊጡን ሲያሸው፣ ሊጡም እርስ በርሱ ሲፋተግ ይሞቃል። ከመውጫው ቀዳዳ ሲወጣ ግፊቱ ድንገት ይለቀዋል፤ ውሃው ባንዴ እንፋሎት ይሆንና ምግቡን ይነፋዋል። ልጆች ከሱቅ የሚገዙት የተነፋ የበቆሎ መክሰስም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። የእኛው ግን ደርቆ ተመልሶ ይፈጫል።

መምህር፦ ሙቀቱ ከበረታ ጊዜው ያጥራል፤ እሱ ገብቶኛል። ግን አንድ ደቂቃ ስትዪ ሁሉም ቅንጣት አንድ ደቂቃ ይቆያል ማለትሽ ነው?

መሐንዲስ፦ አይደለም። ዛሬ ላወራዎት የፈለግሁትም እሱን ነው፤ እኛ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ሁሉ ችላ ብሎ የሚያልፈው ጥያቄ ነው። መዝገቡ ላይ አንድ ቁጥር ይጻፋል፤ አማካዩ። አማካዩን ማስላት ቀላል ነው። ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ውስጡ 8 ኪሎ ሊጥ አለ እንበል፤ በየደቂቃው 10 ኪሎ ይገባል፣ 10 ኪሎ ይወጣል። 8ን ለ10 ሲያካፍሉት 48 ሰከንድ ነው። ይህን ቁጥር የሚያየው ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሕፃኑ ግን አማካይ አይበላም። እርስዎ ቤት ገብስ ሲቆላ ያስቡት፤ ምጣዱ ላይ ሁሉም እኩል ጊዜ ቢቀመጥም፣ ከእሳቱ የራቀው ጥሬ ሆኖ ይወርዳል፣ ከሥር የቀረው ያርራል። የሰነፍ ቆሎ ባለሙያ የምትባለው ያን ልዩነት ያጠበበች ናት። ማሽን ውስጥ ደግሞ ጊዜው ራሱ ይለያያል፤ አንዱ ቅንጣት በ30 ሰከንድ ያመልጣል፣ አንዱ ሁለት ደቂቃ ይጎተታል።

መምህር፦ ስክሩ ሁሉንም እኩል አይገፋም?

መሐንዲስ፦ ቢገፋ ጥሩ ነበር። በሊጡ መካከል ያለው ክፍል ይፈጥናል፤ ብረቱን የነካው ይዘገያል። በስክሩ ጥርስና በቱቦው መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ደግሞ ወደ ኋላ የሚሾልክ አለ። የሚያሹት ክፍሎች ጋር ሲደርስ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የቆይታ ስርጭት ይሆናል፤ ማን ቀድሞ ወጣ፣ ማን ቀረ የሚለው።

መምህር፦ ሁለት ስክሩ ለምን አስፈለገ ታዲያ? የሥጋ መፍጫው በአንድ ይሠራል።

መሐንዲስ፦ ባለ አንድ ስክሩ ኤክስትሩደርም አለ፤ ዋጋውም ይቀላል፤ ብዙ ቦታ እሱ ነው የሚሠራው። ችግሩ የሚገፋው ሊጡ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ብቻ መሆኑ ነው። ሊጡ ቅባት ከበዛበት ወይም ከረጠበ ይንሸራተታል፤ አብሮ ይዞራል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። አኩሪ አተር ደግሞ ቅባት አለው። ሁለት ስክሩ ጎን ለጎን፣ ባንድ አቅጣጫ እየዞሩ፣ የአንዱ ጥርስ የሌላውን ጎድጓዳ እየጠረገ ሲሄድ ግን የሚጣበቅ የለም። ይህን ዓይነቱን ማሽን በጣሊያን ሮቤርቶ ኮሎምቦ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በጀርመን ደግሞ ሩዶልፍ ኤርድመንገር ናቸው መልክ ያስያዙት፤ የተሠራው ለፕላስቲክ ነበር። ወደ ምግብ የገባው ቆይቶ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ክሌክስትራል የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራው ትንሽ ማሽን የምግብ ምሕንድስና ቤተ ሙከራው ውስጥ አለ። የጤፍ ዱቄት ሳይቀር እዚያ ተሞክሯል።

መምህር፦ ፋፋ የሚባለው የሕፃናት ምግብም በዚህ ነው የተጀመረው?

መሐንዲስ፦ የፋፋ ታሪክ ከዚህ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ያቋቋሙት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ነበር፤ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋ ከዚያ ቤት ወጣ። እነዚያ ሰዎች ያነሱት ጥያቄ የእኛም ነው፤ ከአገር እህልና ጥራጥሬ፣ እናት በቀላሉ አገንፍታ የምታበላውን ምግብ እንዴት እንሥራ የሚል። ማሽኑ መልሱን ያፈጥነዋል፤ ጥያቄውን ግን አያስቀርም።

መምህር፦ እሺ፣ ወደ ቅንጣቶቹ ተመለሺ። ቱቦው ወፍራም ብረት ነው፤ ውስጡ አይታይም። 30 ሰከንድ፣ ሁለት ደቂቃ የምትዪውን በምን አወቅሽው?

መሐንዲስ፦ በቀለም። ማሽኑ ተረጋግቶ እየሠራ እያለ፣ መግቢያው ላይ ጥቂት ቀይ የምግብ ቀለም ባንዴ እጥላለሁ፤ ሰዓቱንም እይዛለሁ። ከዚያ መውጫው ላይ ቆሜ በየ5 ሰከንዱ የሚወጣውን እየቆረጥኩ በቅደም ተከተል እደረድራለሁ። መጀመሪያ ምንም ቀለም የለም። ድንገት ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይመጣል፤ ያ የመጀመሪያው ሮዝ ከሁሉ ፈጥኖ የወጣው ነው። ከዚያ ቀለሙ በፍጥነት ይደምቃል፤ ከደመቀ በኋላ ግን ባንዴ አይጠፋም፤ እየሳሳ፣ እየሳሳ ረጅም ጭራ ይጎትታል። ቁራጮቹን አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ የቀለሙን መጠን በመሣሪያ ለክቼ ግራፍ ሳወጣው ማሽኑ ውስጥ የሆነው ሁሉ ይታየኛል። ዘዴውን በቀመር ያጸናው ዳንክዌርትስ የሚባል እንግሊዛዊ የኬሚካል መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጽሑፍ። ለማንኛውም ያለማቋረጥ ለሚፈስ ነገር ይሆናል፤ ለዘይት ፋብሪካም፣ ለውሃ ማጣሪያም።

መምህር፦ ልዩነቱ ምን ያህል ነው የሚጎዳው? ጥቂት ሰከንድ ቢቀድም ምን አለበት እላለሁ እንጂ።

መሐንዲስ፦ ይህን በእርስዎ ሰሌዳ ልሥራው። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ትሪፕሲን የሚባለውን የሆድ ኢንዛይም የሚያግድ ፕሮቲን አለ። እሱ ካልጠፋ ሕፃኑ የሚበላውን ፕሮቲን በደንብ አይፈጭም። በሙቀት ሲጠፋ በየሰከንዱ ከቀረው ላይ ተመሳሳይ ድርሻ ይቀንሳል እንበል።

መምህር፦ አንደኛ ደረጃ ምላሽ። ኤክስፖኔንሻል።

መሐንዲስ፦ አዎ። አሁን ሁሉም ቅንጣት ልክ 48 ሰከንድ ቢቆይ ከመቶ 1 ብቻ ይቀራል ብለን እንነሣ። እንግዲህ በሌላ ማሽን አማካዩ ያው 48 ሰከንድ ይሁን፤ ግን ውስጡ ሁሉ ነገር ሙሉ በሙሉ የሚቀላቀልበት፣ የገባው ወዲያው መውጫው ጋር የሚደርስበት ይሁን። ሒሳቡን ሲሠሩት ከመቶ 18 ገደማ ሳይጠፋ ይወጣል። እውነተኛው ኤክስትሩደር በሁለቱ መካከል ነው፤ ውስጣቸው ሙሉ በሙሉ የሚቀላቀል አምስት ተከታታይ ጋኖች አድርገን ብንቆጥረው ከመቶ 4 ያህል ይቀራል። ሦስቱም መዝገብ ላይ የሚጻፍላቸው ቁጥር አንድ ነው፤ 48 ሰከንድ!

መምህር፦ ቆዪ፤ ልሥራው። ሙሉ በሙሉ በሚቀላቀለው፣ አንድን ለአንድ ሲደመር 4.6… አንድን ለ5.6… ልክ ነሽ። 18 ነው። ያ ነገር አማካዩ ሳይሞላ ከመቶ 63ቱ ይወጣል ማለት ነው።

መሐንዲስ፦ 63 ነው። ከአማካዩ እጥፍ በላይ የሚቆየው ደግሞ ከመቶ 13 ተኩል ያህል። ጥሬውም ያረረውም ከአንድ ማሽን። እኛ ዕድለኞች ነን፤ ስክሩ በተፈጥሮው ሰልፍ ያስይዛል። ፒንቶና ታድሞር እ.ኤ.አ. በ1970 ለባለ አንድ ስክሩ ባወጡት ስሌት፣ ነገሩ ሁሉ እንደ ቀመሩ ከሄደ ፈጣኑ ቅንጣት እንኳ ከአማካዩ ሦስት አራተኛ በፊት አይወጣም። እንደ ቀመሩ የሚሄድ ማሽን ግን የለም። ስክሩ ሲያረጅ ክፍተቱ ይሰፋል፣ የሚሾልከው ይበዛል፣ ስርጭቱም አብሮ ይሰፋል። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ስለዚህ ያረጀው ስክሩ ብዙ ይከርማል።

መምህር፦ እንግዲያው በደንብ እናቆየው። ሁሉም ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ የሚያመልጥ አይኖርም።

መሐንዲስ፦ ያኔ ጭራው ላይ ያለው ይጎዳል። አኩሪ አተር ከበቆሎ ጋር የሚቀላቀለው ላይሲን ለሚባለው አሚኖ አሲድ ሲባል ነው፤ በቆሎ እሱ ያንሰዋል። ላይሲን ደግሞ ሙቀት ሲበዛና ሲረዝም ከስኳር ጋር ተያይዞ ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ለልጁ አይጠቅምም። የጨመርነውን መልሰን አቃጠልነው ማለት ነው። ቫይታሚኖቹም አብዛኞቹ ይህን ሙቀት ስለማይችሉ የሚጨመሩት ከማሽኑ ወጥቶ ከተፈጨ በኋላ ነው። ላይሲንን ግን በኋላ አንጨምረውም፤ ከአኩሪ አተሩ ጋር አብሮ ማለፍ አለበት። የእኔ ሥራ ሁለቱን ጫፎች ማቀራረብ ነው፤ ፈጣኑን ማዘግየት፣ ዘገምተኛውን ማፍጠን።

መምህር፦ በምን?

መሐንዲስ፦ ስክሩ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ ዘንጉ ላይ የሚሰካኩ ቁርጥራጮች ናቸው። የሚገፋ አለ፣ የሚያሽ አለ፣ ወደ ኋላ የሚመልስ አለ። የሚመልሰውን ካስገባሁ ከፊቱ ያለው ክፍል ይሞላል፣ ሊጡም ይቆያል። የት ባስገባው ምን እንደሚሆን በቀለሙ አረጋግጣለሁ። ባለ ሁለት ስክሩ ማሽን ሌላም ነፃነት አለው፤ ተርቦ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ነው የሚሠራው። የሚገባውን መጠን የሚወስነው መጋቢው ነው፤ የስክሩ ፍጥነት ለብቻው ይስተካከላል። ይኸው ነፃነት ግን ፈተናም ያመጣል። የጭነት መኪና ደጅ ላይ ሲቆም፣ ትእዛዙ ሲበዛ፣ መጋቢውን ከፍ ማድረግ አንድ ቁልፍ መንካት ነው። 10 ኪሎ የነበረው በደቂቃ 13 ይሆናል። ማሽኑ አይጮኽም፤ ሙቀቱም ሰሌዳው ላይ ያው ነው። ሊጡ ግን ቶሎ ይወጣል። ውስጡ ያለው ሊጥም ትንሽ ስለሚጨምር ልክ በዚያው መጠን አያጥርም፤ ማጠሩ ግን አይቀርም። እኔ በዚህ ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ፤ ደግሞም እጣላለሁ።

መምህር፦ ተጣዪ። ደግ አደረግሽ።

መሐንዲስ፦ ከዚያ የባሰው ግን መብራት ሲቋረጥ ነው። ስክሩ ይቆማል፤ 8 ኪሎው እዚያው ትኩስ ቱቦ ውስጥ ይቀራል። ቆይታው እንግዲህ የመብራቱ ቆይታ ሆነ፤ 20 ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት። መብራቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወጣው ጠቁሮ የሚሸት ስለሆነ ማንም ይጥለዋል። አደጋው ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ መልኩ ደህና የሆነው። ከጭራው ያረረው እየተቀላቀለበት ነው፤ ቱቦው ደግሞ መብራቱ እስኪመለስ በከፊል ቀዝቅዞ ስለሚቆይ ያልበሰለም ያልፋል። መቼ እንደሚጠራ የሚነግረን ያው የቀለሙ ጭራ ነው። ጭራው በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሙቀቱ ተመልሶ ከተረጋጋ በኋላ ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ የሚወጣው ለልጅ አይሆንም። ከአንድ ምግብ ወደ ሌላ ስንቀይርም እንደዚያው ነው።

መምህር፦ በጀነሬተር አይሠራም?

መሐንዲስ፦ አለ፤ እስኪነሣ ግን ማሽኑ ቆሟል። ትንሽ መቆም ነው ብለው የሚያልፉት አሉ።

መምህር፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከአኩሪ አተር የሚቀርበን ነው። ጓያ። መረሬ አፈር ላይ ዝናብ ቀድሞ ሲቆም የሚተርፍ እሱ ነው። ደምቢያና ፎገራ በ1970ዎቹ፣ ደላንታ ዳውንት በ1990ዎቹ፣ በፈረንጅ ቁጥር ማለቴ ነው፣ ጓያ በልቶ ስንት ሰው እግሩ ሽባ ሆነ። ይህ ማሽንሽ የጓያን መርዝ ቢያቆየው፣ ቢያቆየው ያጠፋዋል?

መሐንዲስ፦ እዚህ ላይ ጊዜ አያድነንም ጋሼ። የጓያው መርዝ ኦዳፕ ይባላል፤ ሁለት ቅርጽ አለው። ሙቀት መርዛማውን ቅርጽ ከፊሉን ጉዳቱ ወደሚያንስ ሌላ ቅርጽ ይለውጠዋል። ያም ደግሞ ተመልሶ ይለወጣል።

መምህር፦ ኢኩሊብሪየም ላይ ይቆማላ።

መሐንዲስ፦ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ደቂቃ ቢጨመር ሁለቱ ተመጣጥነው ይቀመጣሉ እንጂ አይጠፉም። የአኩሪ አተሩ ፕሮቲን ግን ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው፤ አንዴ ከተበላሸ አይመለስም። ለጓያ የተሻለው ውሃ ነው፤ መርዙ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል። እሱም ቢሆን ውሃ ላለው ሰው ነው። ማንም መጥቶ በማሽን ያለፈ ጓያ ለልጅ ይሆናል ቢልዎት አይመኑት።

መምህር፦ ይህን ለጤና ኤክስቴንሽኗ እነግራታለሁ። ግን «ቀድሞ የበሰለ» ከሆነ ለምን ቤት ተመልሶ ይቀቀላል? እናቶች ይጠይቃሉ። በሙቅ ውሃ በጥብጠው የሚሰጡም አሉ።

መሐንዲስ፦ እንዳይሰጡ። እንዲህ ያለው ዱቄት ከፈላ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቀስታ መንተክተክ አለበት። ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይታሸጋል፣ መጋዘን ይከርማል፤ በዚያ ሁሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሊገቡበት ይችላሉ። ራቤል ላይ ደግሞ የሚፈላው ከባሕር ጠረፍ ባነሰ ሙቀት ስለሆነ እኔ ብሆን ወደ 10ሩ እጠጋለሁ። የማሽኑ ውለታ ሌላ ነው። ስታርቹ ቀድሞ ስለተሰባበረ ገንፎው ቶሎ አይወፍርም፤ ስለዚህ እናቷ ዱቄቱን በርከት አድርጋ፣ ልጁ ሊውጠው በሚችል ቅጥነት ልትሠራው ትችላለች። ትንሽ ሆድ ውስጥ ብዙ ምግብ ይገባል። ይህ ለተጎዳ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

መምህር፦ አሁን እዚህ ያለነው ሰዎች፣ ይህ ከረጢት በትክክል መብሰሉን የምናይበት መንገድ አለ? ወይስ የእናንተን ቃል ይዘን መቀመጥ ነው?

መሐንዲስ፦ አለ። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ዩሪየስ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሙቀቱ ትሪፕሲን አጋጁን ሲያጠፋ እሱም አብሮ ስለሚጠፋ ምስክር ሆኖ ይጠራል። ዩሪያ ካገኘ ወደ አሞኒያ ይሰብረዋል፤ አሞኒያ ደግሞ…

መምህር፦ ቤዝ ነው። ፌኖል ሬድ ከጨመርሽበት ይቀላል! ዩሪያ ከገበሬ ቤት አይጠፋም፤ ማዳበሪያው ራሱ ነው። ፌኖል ሬድ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ እፈልጋለሁ።

መሐንዲስ፦ ሁለቱን አሟሙተው፣ ፈሳሹ ብጫ እስኪሆን አስተካክለው፣ ዱቄቱን ሰሃን ላይ በስሱ በትነው ያርከፍክፉበት። የሞከሩበትን ይድፉት እንጂ ማንም እንዳይቀምሰው። ብዙ ፋብሪካ ዱቄቱን ባንድነት በጥብጦ አንድ ቁጥር ይወስዳል፤ ያ ተመልሶ አማካይ ነው። ሰሃን ላይ ሲበተን ግን አብዛኛው ብጫ ሆኖ ይቀርና እዚህና እዚያ ቀይ ነጥብ ብቅ ይላል። እያንዳንዱ ነጥብ ከማሽኑ ሳይበስል ያመለጠ ቅንጣት ነው። ተማሪዎቹ ሊቆጥሩት ይችላሉ።

መምህር፦ ማነጻጸሪያ ከሌለን ግን ቁጥሩ ምን ይነግረናል? ጥሬ አኩሪ አተር ላኪልኝ፤ ከፋብሪካችሁም ናሙና።

መሐንዲስ፦ ጥሬውን፣ ማሽኑ ተረጋግቶ ሲሠራ የተወሰደውን፣ መጋቢው ከፍ ሲል የወጣውን እልካለሁ።

መምህር፦ መብራት ከተመለሰ በኋላ ያለውንስ? ደህና የሚመስለውን።

መሐንዲስ፦ እሱንም። በየደቂቃው እየወሰድኩ ለየብቻ አሽጌ።

መምህር፦ ሰዓቱን ከላዩ ጻፊበት። እኔ ከቆጠርነው በኋላ ውጤቱን በደብዳቤ እልክልሻለሁ፤ መጋቢውን ከፍ የሚያደርጉት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው።